ቴፒ ላይ ላም ያለብኩባት ቅዳሜ

ባለቤቴ የሒሳብ መምህር ስለሆነ ለሽርሽርም ዕቅድ ያወጣል። ቴፒ ላይ የግብርና ኤግዚቢሽን ሊከፈት ነው የተባለ ሳምንት ከደብተር ላይ ቅጠል ገነጠለና፣ ሁለት ሰዓት ከሚዛን መነሣት፣ አራት ሰዓት መድረስ፣ ከአራት እስከ አራት ተኩል ማሽነሪ፣ ቀጥሎ ቡና፣ ቀጥሎ ማር እያለ ቀኑን ሙሉ በማስመሪያ ከፋፈለው። ልጆቹ የሚሸኑበት ሰዓት ሳይቀር አለበት። ወረቀቱን ቁም ሳጥኑ ላይ ለጠፈው። የሰባት ዓመቷ ልጄ ቆማ አነበበችውና፣

"ባቢ፣ ለስላሳ የምንጠጣበት ሰዓት የለም" አለችው።

እርሳሱን ከጆሮው ላይ አንሥቶ ጨመረላት። የአራት ዓመቱ ወንድሟ ማንበብ ስለማይችል "ትራክተር አለው?" ብቻ ነው ያለው። አለው ሲባል፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ከክፍል ወደ ክፍል የሚሄደው እንደ ትራክተር እየጮኸ ሆነ።

እኔ የተወለድኩት ሸኮ ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ቡናና ሙዝ ከበው የያዙት ቤት። ሚዛን የመጣሁት ለትምህርት ነበር፤ እዚያው ሥራ ያዝኩ፤ መዝገብ ቤት ነኝ። ባለቤቴ ግን የከተማ ልጅ ነው። ወላጆቹ ከሰሜን መጥተው ሚዛን ገበያ አጠገብ ሱቅ የከፈቱ ሰዎች ናቸው። ባለቤቴ ዶሮን የሚያውቃት ከተበለተች በኋላ ነው። እኔ ደግሞ ከተማ ስገባ አማርኛዬን ሳስተካክል፣ አረማመዴን ሳሳምር፣ ስለ ላምና ስለ ጎደሬ ማውራቱን ሳላስበው ተውኩት። አፍሬ ነው አልልም። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም። ልጆቼ እናታቸው ከነታኮ ጫማዋ የተወለደች ነበር የሚመስላቸው።

ታኮ ጫማዬን አድርጌ ነበር ቅዳሜ ጠዋት የተነሣሁት። ባለቤቴ አየኝና "እዚያ እኮ ጭቃ ነው" አለኝ።

"ኤግዚቢሽን እኮ ነው፤ የምንሄደው ልናርስ ነው እንዴ?" አልኩት።

የቴፒ ሚኒባስ ላይ ወጣን። ልጄ መስኮቱ ጋ ተቀምጦ በእያንዳንዱ ዳገት "ድድድድድ" እያለ መኪናውን ያግዛል። መጀመሪያ ላይ አፍሬ ዝም ላሰኘው ሞክሬ ነበር። ትንሽ እንደሄድን ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አብረውት "ድድድድ" አሉ። ቀጥሎ አንዲት ተማሪ፣ ቀጥሎ ሁለት ነጋዴዎች። አንዱን ረጅም ዳገት መኪናው ሙሉ እየጮኸ ነው የወጣነው። ሹፌሩ እንባው እስኪፈስ እየሳቀ "እናንተ ባትኖሩ አትወጣም ነበር" አለን።

ሸኮ ላይ አባቴ ተሳፈረ። መንገድ ዳር ቆሞ እየጠበቀን ነበር፤ በዚያ ሙቀት ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ በአንድ እጁ ጃንጥላ፣ በሌላው ትልቅ የሙዝ ዘለላ ይዟል። ልጆቹ "አባባ! አባባ!" ብለው ተጠመጠሙበት። ከአባቴ ጋር የምናወራው በሸኮ ቋንቋ ነው። ገና ሳይቀመጥ፣

"ምን ልናይ ነው የምንሄደው?" አለኝ።

"ላም፣ ቡና፣ ማር፣ ሙዝ" አልኩት።

"ታዲያ ቤት ብትመጡ አይሻልም ነበር? ሁሉም አለ፤ ግፊያ ደግሞ የለም።"

ለባለቤቴ ስተረጉምለት ሳቀና "አባቴ፣ ትራክተርስ አለዎት?" አለው።

አባቴ አማርኛ የተማረው ካደገ በኋላ፣ ገበያ ላይ ነው። ሁሉን ነገር ወንድ ያደርጋል። "ትራክተር የለም። ልጅህ አለ። እሱ ይጮሃል" አለው። ልጄ ይሄንን እንደ ትልቅ ሹመት ቆጥሮት ድምፁን ጨመረ።

ቴፒ ስንደርስ ሙቀቱ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ተጠመጠመብን። ሜዳው ላይ ድንኳን በድንኳን ሆኗል። ድምፅ ማጉያው ይጮሃል፤ ሰዉ ይተረማመሳል። ባለቤቴ ወረቀቱን ከኪሱ አወጣና "ልክ አራት ሰዓት። መጀመሪያ…" ብሎ ቀና ሲል ልጃችን አጠገባችን የለም።

ፍለጋው ግን ጊዜ አልፈጀም። ቀዩ ትራክተር ላይ ተሰቅሏል። ትራክተሩን የሚያሳየው ሰውዬ ደግ ስለነበር አንሥቶ መቀመጫው ላይ አስቀምጦታል። ማውረዱ ነው የከበደው። መሪውን በሁለት እጁ አንቆ "የኔ ነው" ይላል። ባለቤቴ ከአንድ ጎን፣ እኔ ከሌላ ጎን ሆነን ስንለምነው መድረኩ ላይ የክብር እንግዳው ተነሡ።

"የተከበራችሁ የዞናችን ነዋሪዎች…" አሉ።

ልጄ ጥሩምባውን አገኘው። ጡጥ!

ሕዝቡ ዞረ። እንግዳው ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው "የተከበራችሁ…" ብለው እንደገና ጀመሩ። ጡጥ! ጡጥ! ባለቤቴ ላብ በላብ ሆኖ የልጁን ጣቶች አንድ በአንድ ለማላቀቅ ይታገላል። አባቴ ደግሞ ጃንጥላውን ተደግፎ እንደ ሕፃን ይስቃል። እንግዳው በመጨረሻ እሳቸውም ሳቁና "እሺ፣ አጭር አድርግ እያለኝ ነው" አሉ። ጭብጨባው ቀለጠ። ንግግራቸውም እውነትም አጭር ሆነ።

ያኔ ነው የፊት ረድፍ እንግዶች መሃል የመሥሪያ ቤቴን አለቃ ያየሁት። ጥላ ሥር፣ ሱፍ ልብሱን ለብሶ፣ ውሃውን ፊቱ አስቀምጦ ተቀምጧል። ቶሎ ብዬ ከባለቤቴ ጀርባ ተሸሸግኩ። አለቃዬ ጨዋ ሰው ነው፤ ግን ከፋይልና ከማኅተም ውጭ አንድም ነገር አውርተን አናውቅም። በዚያ ሁኔታ ሊያየኝ አልፈለግኩም።

ልጁ ከትራክተሩ የወረደው በማር ተደልሎ ነው። ማር የሚቀምሱበት ድንኳን ገባን። ነጭ አለ፣ ቀይ አለ፣ እንደ ከሰል የጠቆረ አለ። አባቴ ከአንዱ በጣቱ ጫፍ ቀመሰና ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ። ንቧ አበባውን ከምን ዛፍ እንደቀሰመች ለባለማሩ በስሙ ነገረው። ባለማሩ ደንግጦ ሌላ አቀመሰው። ያንንም ነገረው። ሦስተኛውን ቀምሶ "ይሄ ስኳር አለው" ሲል ባለማሩ ማንኪያውን ቀምቶት "አባቴ፣ ሌላም ድንኳን አለ እኮ" ብሎ በትሕትና ሸኘን። እስከዚያ ድረስ ልጄ ማሩን ከአፉ አሳልፎ ፀጉሩ አድርሶታል። የነካው ነገር ሁሉ ይጣበቅበታል። ቡና ድንኳን ስንደርስ ግንባሩ ላይ የቡና ገለባ፣ አገጩ ላይ የሆነ ሰው ወረቀት ነበር።

የሙዝ ድንኳን ላይ ደግሞ አባቴ ከራሱ ዘለላ እየቆረጠ ሙዝ ለሚያሳዩት ሰዎች ሙዝ አደለ። "ቅመስ። ከዚህ ይበልጣል" ይላቸዋል። ቀመሱ። አንደኛዋ ልጅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "እውነት ነው" አለችኝ።

ከዚያ የከብት ድንኳን። ድምፅ ማጉያ የያዘ ቀጭን ወጣት "የላም ማለብ ውድድር! ለጎብኚዎች ብቻ! ገበሬ አይገባም!" እያለ ይጮሃል። የክብር እንግዶቹም፣ አለቃዬን ጨምሮ፣ ሊያዩ መጥተው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ሦስት ላሞች ቆመዋል። ሁለቱ ጥቁርና ነጭ፣ ግዙፍ፣ ግታቸው መሬት ሊነካ የደረሰ የውጭ ዝርያዎች ናቸው። ሦስተኛዋ ትንሽ ቀይ ላም ናት፤ ሻኛ የላት፣ ቀንድ የላት፣ ዓይኗ ግን እንደ ጉልበተኛ ተማሪ ሰው ይመርጣል። አባቴ ሲያያት ቀጥ ብሎ ቆመ።

"የኛ ናት" አለኝ በሸኮኛ።

የሸኮ ላም ነበረች። በልጅነቴ ቤታችን እንዲህ ያለች ላም ነበረች። ዝንብ የሚያመጣውን የገንዲን በሽታ ትችላለች፤ ሰውን ግን አትችልም።

አባቴ ለልጆቹ በአማርኛ ማስረዳት ጀመረ። "ይሄ ላም ክፉ ነው። ግን ጎበዝ ነው።"

"አባባ፣ ላም ሴት ናት፤ ክፉ ናት ነው የሚባለው" አለችው ልጄ።

አባቴ ላሟን አየት አደረገና "አውቃለሁ። ክፉ ነው" አላት።

ለውድድሩ ሁለት ሰዎች ወጡ። አንደኛዋ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ጓደኞቿ ገፍተው ያስወጧት። ሌላው ሆዱ ቀበቶውን የሚያስጨንቅ፣ የወርቅ ቀለም ሰዓት ያሰረ ነጋዴ ነው። ሁለቱም ሮጠው ትልልቆቹ ላሞች ጋ ቆሙ። ቀይዋ ላም ብቻዋን ቀረች። አስተዋዋቂው "አንድ ሰው! አንድ ጀግና!" ይላል። ማንም አልወጣም።

አባቴ ጃንጥላውን ወደ ላይ አነሣና በሙሉ ድምፁ "ልጄ ይችላል!" አለ።

ሕዝቡ ሁሉ ወደ ባለቤቴ ዞረ። እጁን ያዘው፣ ጀርባውን ገፋው፣ አንዱ ቦርሳውን ተቀበለው። ባለቤቴ እግሩን መሬት ላይ ተክሎ "እኔ አይደለሁም! ኧረ እኔ አይደለሁም!" ይላል። ላሟም አየችው። እሱም አያት። ፊቱ አመድ መሰለ።

"እሱ አይደለም!" አለ አባቴ እየሳቀ። "ይሄ! ሴቱ! ሴቱ ልጄ!"

ያኔ ዓይን ሁሉ ወደ እኔ መጣ። ወደ አለቃዬ አላየሁም፤ ማየት አልፈለግኩም። እጄን አወዛውዤ እምቢ ልል ስል ልጄ ቀሚሴን ጎተት አድርጋ ለአጠገቧ ሰው፣ እንደ አዋቂ፣ "እማዬ እኮ ላም አታውቅም። ቢሮ ነው የምትሠራው" አለች።

እስካሁን አንዳንዴ አስበዋለሁ፤ ያቺን ባትል ኖሮ እምቢ ብዬ እቀር ነበር። ታኮ ጫማዬን አወለቅኩና እጇ ላይ አስቀመጥኩላት። በባዶ እግሬ ጭቃውን ስረግጠው ቀዝቃዛና ለስላሳ ነበር፤ ደስ አለኝ። ቀሚሴን በጉልበቶቼ መሃል ሰብስቤ ላሟ ሥር ቁጢጥ አልኩ።

"አምስት ደቂቃ! ጀምሩ!"

እጄን ዘረጋሁ። ላሟ እስክነካት አልጠበቀችም። ባልዲው በእርግጫ ተነሥቶ፣ እየተሽከረከረ፣ እየተንቋቋ፣ የክብር እንግዶቹ እግር ሥር ሄዶ ቆመ። ሳቁ ድንኳኑን አናወጠው። ባልዲውን ያነሣልኝ ማን ይሁን? አለቃዬ። ሱፉን ለብሶ፣ ባልዲውን በእጁ አንጠልጥሎ መጣ።

"አንቺ ነሽ እንዴ?" አለኝ።

"አዎ፣ እኔ ነኝ" አልኩት ከላሟ ሆድ ሥር።

"አይዞሽ" አለኝና ባልዲውን ሰጥቶኝ፣ ላሟ እንዳትደርስበት ተጠንቅቆ፣ ወደ ኋላው እየሄደ ተመለሰ።

በሁለቱም በኩል የተፎካካሪዎቼ ባልዲዎች ይጮሃሉ፤ ጭርር፣ ጭርር። የኔዋ እግሯን እያነሣች ትጠብቀኛለች። አባቴ ከገመዱ ውጭ ሆኖ በሸኮኛ "ጥጃዋ! ጥጃዋ የታለች?" ብሎ ጮኸ። በጥፊ የተመታሁ ያህል ትዝ አለኝ። የኛ ላም ጥጃዋን ሳታይ መቼ ወተት ሰጥታ ታውቃለች!

"ጥጃዋ የታለች?" አልኩት አስተዋዋቂውን።

"ምን?" አለ በድምፅ ማጉያው።

"ጥጃዋ! ካላየቻት አትሰጥም!"

"ከድንኳኑ ጀርባ ታስራለች፤ ግን ደንቡ ስለ ጥጃ…" ማለት ሲጀምር ሕዝቡ "ጥጃዋ ትምጣ! ጥጃዋ ትምጣ!" እያለ ማጨብጨብ ያዘ። ባለቤቴ፣ ያ ላሟን አይቶ አመድ የመሰለ ሰውዬ፣ ገመዱን ዘሎ ወደ ድንኳኑ ጀርባ ሲሮጥ አየሁት። ትንሽ ቆይቶ ጥጃዋ እየበረረች መጣች። ገመዷን የያዘው ባለቤቴ ከኋላዋ ነው፤ ግማሹን መንገድ በእግሩ፣ ግማሹን በመቀመጫው። መነጽሩ ላይ ጭቃ፣ ሸሚዙ ላይ ጭቃ። "አመጣኋት!" ይለኛል። ማን ማንን እንዳመጣ ግን ሁሉም አይቷል።

ጥጃዋ ገብታ ጡቷን ያዘች፤ በአፍንጫዋ ገፋ ገፋ አደረገቻት። ላሟ ዞራ አሸተተቻት፤ ጆሮዋ ወረደ፤ ትከሻዋ ረገበ። ግቷ ሲሞላ በእጄ ተሰማኝ።

"አሁን ያዛት!" አልኩት ባለቤቴን። ጥጃዋን አንገቷን አቅፎ ወደ ጎን ሳባት። እሷ ደግሞ የእናቷን ጡት ያጣች ስለመሰላት የእሱን ጆሮ መላስ ጀመረች። "ኧረ! ኧረ!" እያለ ይንጫጫል፤ ግን አልለቀቃትም።

ግንባሬን ላሟ ጎን ላይ አስደገፍኩ። እናቴ ላም ስታልብ የምታንጎራጉረውን፣ ረሳሁት ያልኩትን፣ ከአፌ ወጥቶ ሰማሁት። የመጀመሪያዋ ጠብታ እጄ ላይ ሞቀችኝ፤ ቀጥሎ ባልዲው ድምፅ ሰጠ። ጣቶቼ እኔን ሳይጠይቁ ሥራቸውን ቀጠሉ። ድንኳኑ ጸጥ ያለ መሰለኝ፤ ወይም እኔ ነኝ መስማት ያቆምኩት። ከዚያ ጸጥታ ውስጥ የሴት ልጄ ድምፅ ብቻ መጣ፦

"እማዬ ወተት አወጣች! ከላም ውስጥ አወጣች!"

"ጊዜው አልቋል!" አለ አስተዋዋቂው።

የኔ ባልዲ ታቹ ብቻ ነው የተሸፈነው፤ እሱም ግማሹ አረፋ ነበር። ነጋዴው አንደኛ፣ ተማሪዋ ሁለተኛ፣ እኔ ሦስተኛ ወጣሁ። ሦስት ነበርን።

ልጄ ግን ይሄን የመሰለ ድል አይታ አታውቅም። ጫማዎቼን በሁለት እጇ እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጋ "እናቴ ሦስተኛ ወጣች! እናቴ ሦስተኛ ወጣች!" እያለች በገመዱ ዙሪያ ሮጠች፤ ወንድሟ በማር የተጣበቀ ፊቱን ይዞ "ድድድድ" እያለ ይከተላታል። እዚያው ጭቃው ላይ ተቀምጬ ሳቅኩ። መቆም እስኪያቅተኝ ሳቅኩ። ባለቤቴ ሊያነሣኝ መጥቶ እሱም ሳቀና አጠገቤ ተቀመጠ። አባቴ ዳኞቹን ይዞ "ሰዓቱ ጥጃ ሲመጣ ነው የሚጀምር! ላሙ በፊት አይሰጥም!" እያለ ይሟገታል። ዳኞቹ በአክብሮት አዳመጡት፤ ውጤቱን ግን አልቀየሩም።

ነጋዴው ባልዲውን አስቀምጦ ላቡን እየጠረገ መጣ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። "እህቴ፣ አንቺ ከዚያች ጋር ባትሆኚ ኖሮ ታሸንፊኝ ነበር" አለኝ። ከዚያ ድምፁን ቀነስ አድርጎ "ሚስቴ እንደምችል አታውቅም ነበር" አለና ወደ ሚስቱ ዞሮ እየተፍለቀለቀ ሄደ።

ለሦስተኛ የተዘጋጀው ሽልማት ሁለት የአቮካዶ ችግኝ ነበር። ገና ከመቀበላችን ዝናቡ ወረደ፤ የቴፒ ዝናብ እንደሚያደርገው ያለ ማስጠንቀቂያ፣ እንደ ተደፋ። ሰዉ ሁሉ ወደ ድንኳን ሮጠ። አባቴ ጃንጥላውን ዘረጋ፤ ልጆቹን የሚያስጠልል መስሎኝ ነበር፤ ችግኞቹን አስጠለለ። ልጆቹ ራሳቸው መጠለል አልፈለጉም። ዝናቡ ልጄን ከማሩ አጠበልኝ። ባለቤቴ ዕቅዱን ከኪሱ ሲያወጣ ሊጥ ሆኗል፤ ጨምቆ ወረወረው።

ወደ ሚዛን በሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ እርጥብ፣ ጭቃና ላም ላም እየሸተትን ተቀመጥን። ሳቅ አንዴ ከያዘ አይለቅም፤ ዝም ስንል ባለቤቴ ጆሮውን ይነካል፤ እንደገና ይጀምረናል። ሸኮ ስንደርስ አባቴ ከመውረዱ በፊት በቋንቋችን እንዲህ አለኝ።

"ሦስተኛ መውጣትሽን ለጎረቤት አልናገርም።"

"ታዲያ ምን ትላለህ?"

"ባልሽ ጥጃ አመጣ እላለሁ። እሱን ማንም አያምነኝም።"

ስተረጉምለት ባለቤቴ ተነሥቶ የአባቴን ትከሻ ሳመ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ልጆቹ "አስተምሪን" ብለው አላስቀምጥ አሉኝ። ባለቤቴ የዕቃ ማጠቢያ ጓንት ውሃ ሞልቶ፣ የጣቶቹን ጫፍ በመርፌ በስቶ፣ ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ አንጠለጠለው። ሥሩ ጎድጓዳ ሳህን አስቀመጥን። ልጄ ስትስበው ውሃው ወንድሟ ዓይን ውስጥ ገባ፤ እሱ ሲስበው የኔ አፍንጫ ላይ። ባለቤቴ ደግሞ ጓንቱን እንደ ደወል ነው የሚጎትተው። "ከላይ ያዝ፣ ከዚያ ጣትህን በተራ በተራ ዝጋ" እለዋለሁ፤ "ገባኝ" ይላል፤ አልገባውም።

ጫጫታችንን የሰሙት ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። ሁልጊዜ ነጭ በነጭ የሚለብሱ፣ ለሰላምታ እንኳ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሴትዮ ናቸው። "ምንድን ነው?" አሉን። ነገርኳቸው። ጓንቱን ትንሽ ተመለከቱት። ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ ቅር ያላቸው መስሎኝ ነበር። በሩ ሲንኳኳ ግን እሳቸው ናቸው፤ ነጠላቸውን አስቀምጠው፣ እጅጌያቸውን እስከ ክንዳቸው ሰብስበው።

"እስቲ ዞር በሉ" አሉ፤ ባለቤቴን በክርናቸው ገፋ አድርገው ጓንቱ ሥር ቁጢጥ አሉ።